ትራክ 01፣ ያልታወቀ ዘፋኝ

ሐጂ ባለፈው ሳምንት አንድ ሲዲ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ይቺን ወደ ስልኬ አሳልፍልኝ። ማጫወቻው ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሞላው፤ የምሰማበት የለኝም» አሉኝ። እዚሁ አሊዩ አምባ፣ በአንድ የመውሊድ ሌሊት የተቀዳ መንዙማ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። መንዙማውን ያሉት ሼህ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ የቀዳው ልጅም አገር ለቆ ከሄደ ቆይቷል። ከዚያ ሌሊት የቀረችው ይቺ ሲዲ ብቻ ናት።

ላፕቶፑ ውስጥ አስገባኋት። አንድ ትራክ ብቻ አላት፤ ሰባ ደቂቃ። ሐጂም በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። መገልበጡ ደህና ሲሄድ ቆይቶ አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ድራይቩ ማጓራት ጀመረ። እዚያው ላይ ሲዳክር፣ ሲፈጥን፣ መልሶ ሲዝል ቆየና «ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ቆመ። ይባስ ብሎ እስከዚያ ድረስ የቀዳውን አርባ አንድ ደቂቃ ጭምር ሰርዞታል፤ ፕሮግራሙ ያላለቀ ፋይል አያስቀምጥም። ሐጂ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ዝምታ በኋላ ምን ብዬ ልንገራቸው?

እኔስ ይህ ነገር ታክቶኛል። በሰፈራችን የሲዲ ድራይቭ ያለው ላፕቶፕ የቀረው እኔ ዘንድ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደኔ ያመጣል። ከአንኮበር የሚወርደው ዘመድ በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ገበያ የወጣው በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ ይመጣል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ድራይቭ የሚባል ነገር የላቸውም። ከውጭ የሚሰካውን ለመግዛት ደብረ ብርሃን መውጣት አለብህ፤ ገዝተህ ስትመጣ ደግሞ አንዱ ሶኬት ኃይል አይበቃው፤ ሲዲውን ሁለት ጊዜ አሽከርክሮ ይተኛል። ባለ ሁለት ራሱ ገመድ እንደሚያስፈልግ የሚነግርህ የለም። «ከኢንተርኔት አውርደው» የሚሉ ልጆች አሉ። የምንፈልገው ሁሉ እዚያ ቢኖርማ፣ ለጥቅል የሚወጣውም ብር ባይከብድ፣ ማን በሲዲ ይንገላታ ነበር?

ብዙው ሰው ገና ከመነሻው የሚታለለው በእነዚያ ትንንሽ ፋይሎች ነው። ሲዲውን ይከፍታል፤ ትራክ 01፣ ትራክ 02 እያሉ አሥራ ሁለት ፋይሎች ተደርድረው ያያል። ኮፒ ያደርጋል፣ ፍላሹ ላይ ፔስት ያደርጋል፤ ዓይኑን ሳይጨፍን ያልቃል። ሲዲውን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ወይ ይጥለዋል። ማታ ላዳምጥ ሲል አንዱም አይከፈትም። እነዚያ ፋይሎች ሲዲኤ የሚባሉ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 44 ባይት ብቻ። ዘፈኑ ከዚህ ይጀምራል ብለው የሚጠቁሙ ናቸው እንጂ ዘፈኑ ውስጣቸው የለም። ሦስት ደቂቃ የሚሆን ዘፈን በሲዲው ላይ 30 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በሰከንድ ሽርፍራፊ የተገለበጠ ነገር ዘፈን ሊሆን አይችልም። ይህን ግን ማን ነገረን? አንዲት የሰፈራችን ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል የእናቷን ሲዲዎች በሙሉ እንዲህ አድርጋ ፍላሽ ላይ ጭና ሄደች። እዚያ ደርሳ ስትከፍተው የሆነውን በስልክ እያለቀሰች ነው የነገረችን። ሲዲዎቹም በዚያው ተበታትነዋል።

የሙዚቃ ሲዲ ድሮውንም ለኮምፒውተር ተብሎ አልተሠራም። ሶኒና ፊሊፕስ በ1982 በፈረንጆች አቆጣጠር ለገበያ ሲያወጡት የታሰበው ለሳሎን ማጫወቻ ነበር። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየተጠማዘዘ በሚሄድ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ሰፍሯል፤ መስመሩ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ ፋይል እንደማንሳት ሳይሆን፣ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያነበበ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ሪፕ የሚሉት ይህን ነው። አንዲት ጭረት ስትኖር ሥራው ሁሉ የሚጨናገፈውም ለዚህ ነው።

ጭረት ደግሞ እኛ አገር ከየት ይታጣል! አንኮበር ላይ ብርዱና ጭጋጉ፣ እዚህ ታች ሙቀቱና አቧራው። ሲዲዎቻችን ያደጉት ከሽፋናቸው ውጭ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ቴሌቪዥን ሥር ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ የነበሩትም መስታወቱ ሥር ፀሐይ ሲመታቸው የኖሩ ናቸው። ሲቆሽሹ በጋቢ ጫፍ ዙሪያውን እናሻቸዋለን። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩ ዙሪያውን ስለሚሄድ፣ ዙሪያውን የተሻ አቧራ የሚፈጥረው ጭረት መስመሩን ተከትሎ ረጅም ቁራጭ ይበላል። ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ የተጠረገ ግን ጭረት ቢያወጣ እንኳ መስመሩን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ሲዲው የጎደለውን የሚጠግንበት የራሱ ስሌት አለውና ይሞላዋል። የጥርስ ሳሙና ቀብተው የሚያሹም አሉ። አይሠራም አልልም፤ ሥሩ ያለው ፕላስቲክ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ላይ ላዩ ከተጫረ በስሱ ሊለሰልስ ይችላል። በጽሑፉ በኩል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ድራይቩ የሚያነብበትን ብርሃን የሚያንጸባርቀው ስስ ሽፋን ያለው እዚያ በኩል ነው፤ ከላዩ ያለው ቫርኒሽ ብቻ ነው። ሁላችንም የታችኛውን እየጠበቅን፣ የላይኛውን እንደ ማስታወሻ ደብተር ስንጽፍበት፣ ወረቀት ስንለጥፍበት ኖርን። የተለጠፈው ወረቀት አንድ ጎኑ ሲላጥ ሲዲው ሲሽከረከር ይወላገዳል፤ በፍጥነት በሚያነብ ድራይቭ ውስጥ ማንቀጥቀጡ ከቤት ውጭ ይሰማል።

ፍጥነቱም ራሱ ያደክመኛል። ፕሮግራሞቹ ሁሉ በአርባ እጥፍ ፍጥነት ልገልብጥ ብለው ነው የሚነሡት። ማን አስቸኮላቸው? ለደህና ሲዲ ምንም አይደለም። የተጎዳውን ግን በአራት እጥፍ ወይም በስምንት እጥፍ አዝግመህ ካላስነበብከው አይሰጥህም። ስህተት ማረሚያው ደግሞ ሳይከፈት የሚመጣበት ፕሮግራም አለ፤ ከሦስት መስኮት ጀርባ ተደብቆ ታገኘዋለህ። እሱ ካልተከፈተ ዘፈኑ ተገለበጠ ይልሃል፤ ስታዳምጠው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ በየመካከሉ ገብቶበታል። ሳታዳምጥ ሲዲውን የመለስክ ዕለት አለቀልህ።

በመካከል መብራት ይሄዳል። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ይህን አላብራራም፤ የማያውቀው የለም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የተቆለፈው ነገር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው ማጫወቻ፣ በደመወዜ የገዛኋቸውን ሲዲዎች አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብዬ ገለበጥኩ። ወደ ሦስት መቶ ዘፈን ይሆናል። ሲዲዎቹን ለዘመድ አዝማድ አከፋፈልኩ። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶት ፎርማት ተደረገ፤ ዘፈኖቹን ቀድሜ በሌላ ሃርድ ዲስክ አስቀምጫቸው ስለነበር አልደነገጥኩም። ስመልሳቸው ግን አንዱም አልዘፍን አለ፤ ፈቃድ የለህም ይለኛል። ለካ ማጫወቻው ውስጥ «ሙዚቃውን ከቅጂ ጠብቅ» የምትል አንዲት ሳጥን ነበረች፤ እኔ ሳላያት ምልክት ተደርጎባት። ዘፈኖቹን ከዚያ ኮምፒውተር ጋር አስራቸዋለች፤ ኮምፒውተሩ ሲጸዳ ቁልፋቸውም አብሮ ጸዳ። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን፣ በገዛ ቤቴ።

በሕግ እንኳ ያልተከለከለኝ ነገር ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው የታተመ ሥራን ለግል መገልገያው ብቻ አንድ ቅጂ እንዲወስድ ይፈቅዳል። የዘፋኞቹን ምሬት አውቃለሁ። አልበም በወጣ ማግሥት ኮፒው በየመንገዱ ሲቸበቸብ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ ዝም እንዳለ አይተናል፤ በዚያ ላይ ከእነሱ ጋር ነኝ። ግን ቁልፉ የሚያዘው ማንን ነው? ኮፒ አድራጊው በአሥራ አምስት ብር የሸጠው ሲዲ ያለ ምንም ቁልፍ በየትም ይዘፍናል። በ2005 በፈረንጆች አቆጣጠር ሶኒ ቢኤምጂ አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸው ሲዲዎች ገዢው ኮምፒውተር ውስጥ ሳያሳውቁ የተደበቀ ፕሮግራም ይጭኑ እንደነበር ተደርሶበት፣ ክስ ተመሥርቶ፣ ሲዲዎቹ ከገበያ ተሰብስበዋል። እዚያም የተጎዳው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ አልፈህ፣ ዘፈኖቹ ደህና ወጡልህ እንበል። አሁን ፎልደሩን ክፈተው። ትራክ 01። ትራክ 02። ትራክ 03። ዘፋኝ፦ ያልታወቀ። አልበም፦ ያልታወቀ። የሚቀጥለውንም ሲዲ ስትገለብጥ ትራክ 01፣ ያልታወቀ። አሥር ሲዲ ስትጨርስ አሥር ትራክ 01 አለህ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም አንዱን በሌላው ላይ ይጽፈዋል።

አሊዩ አምባ የሲራራ ነጋዴ አገር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ጠረፍና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት ሸቀጡን የሚያራግፈው እዚህ ገበያ ነበር፤ በ1840ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር እዚህ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንም ስለ ከተማዋ በሰፊው ጽፎላታል። ጭነት ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ማዛወር አያቶቻችን የኖሩበት ሥራ ነው። ጨው ግን ከግመል ወርዶ አህያ ላይ ቢጫን ያው ጨው ነው። የእኛ ዘፈን ከሲዲ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ስሙን ጥሎ ነው የሚሄደው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አብዛኛው የሙዚቃ ሲዲ ውስጥ የዘፈን ስም የሚባል ነገር አልተጻፈም፤ ስሙ ያለው ሽፋኑ ወረቀት ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ትራኮቹ ስንት እንደሆኑና እያንዳንዳቸው ከየት እንደሚጀምሩ ቆጥሮ፣ ያንን ቁጥር ይዞ ኢንተርኔት ላይ ካለ መዝገብ መጠየቅ ነው። ግሬስኖት አለ፤ ፍሪዲቢ የሚባል ነበረ፣ በ2020 በፈረንጆች አቆጣጠር ተዘጋ፤ ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችለው ሙዚክብሬንዝ አለ። አንድ ሰው ቀደም ብሎ ያንን አልበም ጽፎ ካስገባው ስሙ ይመጣል። ካላስገባው ያልታወቀ ነው። ፒያሳና መርካቶ ታትመው የተሸጡትን አልበሞቻችንን ማን ቁጭ ብሎ አስገባቸው? አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ከሌላ አገር ሲዲ ጋር ይገጥምና የትዝታ ዘፈኖች ሲዲ በማላውቀው ቋንቋ ስም ተጽፎበት ይመጣል። ያንን ሳያይ ወደ ሚሞሪ የጫነ ሰው ስሙን እንደያዘ ለሌላው ያስተላልፈዋል።

ሽፋኑ ላይ እኮ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱ ተቀደደ፤ የዘፋኙን ድምፅ እንኳ ጆሮ ይለየዋል፣ የገጣሚውን ስም ከየት ታመጣለህ? ፋይሉ ውስጥ የደራሲ መጻፊያ ቦታ አለ፤ ባዶውን ነው ያለው። እነዚያ ሰዎች ለአንድ ግጥም ስንት ሌሊት እንዳነጉ እናውቃለን። አሁን የእነሱ ግጥም በየታክሲው እየተዘፈነ ትራክ 07 ይባላል።

ልጻፈው ብለህ ተነሣህ እንበል። ሌላ ጣጣ። መሐሙድ አህመድ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ማሕሙድ አሕመድ፤ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው። ገሠሠና ገሰሰም እንዲሁ ሁለት ጥላሁን ይሆናሉ። በላቲን ሲጻፍ ይብሳል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀውና ቡዳ ሙዚክ ያሳተመው ኢትዮፒክስ የተባለው የሲዲ ተከታታይ ከ1997 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የቀድሞ ሙዚቃችንን ለዓለም ያደረሰ ትልቅ ሥራ ነው፤ ቁጥር 7 የመሐሙድ፣ ቁጥር 17 የጥላሁን ነው። ስሞቹ ግን የተጻፉት በራሱ የአጻጻፍ ሥርዓት ስለሆነ ሌላ ቦታ በእንግሊዝኛ አነባበብ ከተጻፉት ጋር አይገጥሙም። የአንድ ዘፋኝ ሥራ በአራት ፎልደር ተበትኖ ይቀመጣል። አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ጥላሁንን «ጥ» ላይ ፈልገህ ስታጣ «ገ» ሥር ተኝቶ ታገኘዋለህ። ይሄን ለማረም ትራክ በትራክ መሄድ ነው። ለአንድ ሲዲ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ለአንድ ፌስታል ሙሉ ሲዲ ስንት እንደሚፈጅ እናንተ አስሉት።

ያንንም ጨርሰህ በግዕዝ ፊደል አሳምረህ ጻፍከው። ሚኒባሱ ማጫወቻ ላይ ስትሰካው አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሩብ ክፍለ ዘመን አልፎታል። እስከዛሬ ርካሽ ማጫወቻዎች አያነቡትም። ከዚያ በፊት በየራሳቸው ፎንት የተጻፉት የሙዚቃ ዝርዝሮችማ ዛሬ ሲከፈቱ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ናቸው። ስለዚህ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ስሙን አጥፍቶ በቁጥር ይተካዋል። ተመልሰን ትራክ 01።

የሐጂን ሲዲ አልተውኩትም። ለስላሳ ጨርቅ በንጹሕ ውኃ አርጥቤ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩት፣ አደረቅኩት። ፍጥነቱን ወደ አራት እጥፍ አወረድኩት፤ ስህተት ማረሚያውን ከፈትኩ። ሌላ፣ ሰባ ደቂቃውን እየቆራረጠ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ተጠቀምኩ፤ ቢቆም እንኳ የወጣው እንዲቀርልኝ። ሐጂ በማግሥቱ መጥተው እንደገና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ዲቤው ሲመታ፣ ሰዉ ሲቀበል፣ ልጅ ከኋላ ሲያለቅስ ይሰማል። አርባ አንደኛው ደቂቃ መጣ፤ ድራይቩ ትንሽ አጓራና አለፈው። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። አርባ አምስት። ሃምሳ። ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቆመ።

ደግሜ ጠረግኩት፤ ያው ሃምሳ ሁለት። ድራይቩን ለወጥኩ፤ ያው። አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ገልብጬ ያዝኩት። ከሥር ምንም የለበትም፤ መስታወት ነው። ከላይ፣ ዳር ዳሩን ተከትሎ፣ በእስክሪብቶ ተጭኖ የተጻፈ አለ። በጽሑፉ መስመሮች ብርሃኑ ከወዲያ ማዶ ይታያል። የሼሁ ስም ነው፤ በራሳቸው እጅ የጻፉት። ቅጂውን ለሐጂ የሰጧቸው ዕለት «የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ» ብለው እፊታቸው እንደጻፉበት ሐጂ ነገሩኝ። የእስክሪብቶው ጫፍ ቫርኒሹን አልፎ ሽፋኑን ፍቆታል። የመጨረሻው አሥራ ስምንት ደቂቃ የነበረው ከዚያ ስም ሥር ነው።

የወጣውን ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ከማስረከቤ በፊት ስክሪኑን አዩት፤ «ትራክ 01፣ ያልታወቀ» ይላል። ማንበብ ይችላሉ። «ምን ማለት ነው ያልታወቀ?» አሉኝ። ስልኩን ተቀብዬ ስሙን መጻፍ ጀመርኩ፤ የቱን ሐ እንደምጽፍ ስጠይቃቸው ሲዲውን ከጨርቁ አውጥተው ጽሑፉን በጣታቸው አሳዩኝ።